ሁሉም ሰው ሃያ የሚተነፍስበት ክፍል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አልፏል ብዬ ልተወው ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ነጭ ጋዎን የለበሱ ተማሪዎች መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። በግጥም ልጽፈውም ጀምሬ ነበር። ቤት እየመታ ሲሄድ ነገሩ ያማረ መሰለብኝና ቀደድሁት። ስለዚህ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ውስጥ፣ ክፍል ተከራይቼ ነው። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው።

አያ ፈንቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከዳባት በላይ ባለው ደጋ ገብስና ባቄላ ያርሳል። ሳል ይዞት ሁለት ሳምንት ቤቱ ከተኛ በኋላ፣ ሲብስበት በሚኒባስ አሳፍረው አመጡልኝ። ስሙን ወደማልጠራው አንድ የሕክምና ተቋም ወሰድሁት። ሳንባው ተጎድቷል ተባለና አልጋ ያዘ።

አያ ፈንቴ አመመኝ አይልም። «እንዴት አደርህ?» ሲሉት መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ» ነው። የአገሩ ሰው ወግ እንዲህ ነው፤ እንግዳ ፊት ማቃሰት ነውር ነው። ሐኪም ሲመጣማ ይብሳል። በክርኑ ተደግፎ ቀና ይላል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ሳሉን ዋጥ ያደርጋል። ዶክተሩ «አባባ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት?» ይለዋል። «ሸጋ» ይላል። ዶክተሩ አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ቻርት አየት አድርጎ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል።

እንግዲህ ስለ አያ ፈንቴ እውነቱን ሊናገር የሚችለው ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን አነበብሁት። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ ይላል። ሦስቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ትንፋሽ የሚለው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ ነው። የጎረቤቱን ቻርት ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ሃያ። መስኮቱ ሥር የተኛው ወጣትም ሃያ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሕመምተኞች አሉ። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ሲቃትት ይውላል፤ ሁሉም በደቂቃ እኩል ሃያ ጊዜ ይተነፍሳሉ።

ይህን ቁጥር የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ። እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ አለ። የነርስ ተማሪዎች ለኮሌጃቸው የሚያስረክቡትን የታማሚ ሪፖርት አንድ ፋይል አድርገን አስቀምጠነዋል። ተማሪው ሲመጣ የታማሚውን ስምና ዕድሜ ብቻ እቀይርና አትሜ እሰጠዋለሁ። ትንፋሽ የሚለው ቦታ ላይ ሃያ አስቀድሞ ተጽፏል። ስንቱን እንዳተምሁ እንጃ። ከቁጥሩ በስተኋላ የሚተነፍስ ሰው መኖሩን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብወቅስ ውሸታም እሆናለሁ።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ ከአንድ የግል ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የወጡ ሰባት የነርስ ተማሪዎች መጡ። እያንዳንዳቸው መዝገብ ይዘዋል፤ ይህን ያህል ሰው ለካሁ፣ ይህን ያህል መርፌ ወጋሁ እያሉ የሚያስፈርሙበት ነው። አንዱ ሲለካ ስድስቱ ይገለብጣሉ። ከዚያ ተራ በተራ የአያ ፈንቴን እጅ ያዝ ለቀቅ አደረጉት።

«ምነው ልጆቼ፣ ተሰልፋችሁ እጄን የምትይዙኝ?» አላቸው። «ልትድሩኝ ነው ወይስ ልትቀብሩኝ?»

ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ትንፋሽ አጠረው። ቀና ብሎ ሲያይ ጽፈው ጨርሰው ሄደዋል።

በማግስቱ ጠዋት ከሰባቱ አንዷ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ስመኝ ትባላለች፤ የማክሰኝት ልጅ ናት። የአያ ፈንቴን እጅ ያዘችና የእጅ ሰዓቷን እያየች ዝም ብላ ቆመች። ሰዓቱን አየት፣ ደረቱን አየት ታደርጋለች።

አያ ፈንቴ እጁን ይዞ ዝም ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማየት አይችልም። «የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ነገረችው፤ እንደገና ጀመረች። «እናትሽ ደኅና ናት?» ደኅና ናት አለችው፤ እንደገና ጀመረች። «ዝናቡስ እናንተ ዘንድ ጣለ?»

እኔ ግራ ገባኝ። «ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አልኋት።

ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ትንፋሻቸውን ነው። እየተቆጠረ መሆኑን ካወቁ አተነፋፈሳቸውን ይለውጣሉ፤ ለዚያ ነው የልብ ምት የምንለካ መስለን እጅ የምንይዝ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው፤ የጤነኛ ሰው ከሃያ ብዙም አያልፍም። ኮሌጅ መጀመሪያ የተማርነው እሱን ነው» አለችኝ።

«አያ፣ እስቲ ትንሽ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እረፍ» አልሁት። ጨፈነ። ያን ጊዜ ሰው ፊት መሆኑን ረሳው መሰለኝ። አንገቱ ሥር እየጎደጎደ፣ የጎኑ አጥንት በየትንፋሹ እየተቆጠረ ሲሄድ አየሁ። ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ይህን አላየሁም ነበር።

«ሠላሳ ስምንት» አለች ስመኝ። ደግማ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት። ከሃያዎቹ ሥር ጻፈችው።

ብዙም ሳይቆይ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር መጣች። «ይኼን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ ሲስተር። ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።»

«ንጋት ላይ ሃያ የነበሩ ሰውዬ አሁን ሠላሳ ስምንት ሆኑ? እኔ በፈረምሁበት ቻርት ላይ? እኔ ውሸታም ነኛ!»

«ኧረ እንደሱ አላልሁም ሲስተር...»

«በይ ሃያ አድርጊውና ቀጥዪ። ደግሞ እሳቸው እዚህ አሉ አይደል?» ወደ አያ ፈንቴ ዞረች። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

አያ ፈንቴ ልጅቷን አየ፣ ሲስተሯን አየ። ልጅቷ በእሱ ምክንያት እየተወቀሰች እንደሆነ ገብቶታል። ሊያድናት ፈለገ። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና፣ «ኧረ ሸጋ ነኝ ልጄ! እሷም ምንም አላጠፋች፤ አትቆጫት» አለ።

ስመኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቁጥሩን ግን አልሰረዘችም።

አሠልጣኛቸው ተጠርቶ መጣ። እውነት ለመናገር እሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ያስተማራት እሱ ነው፤ ይሟገትላታል አልሁ። ቻርቱን አየ፣ ሲስተሯን አየ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ስመኝ፣ ክፍል ውስጥ የተማርሽው ለምዘናው ነው። እዚህ የመጣሽው ሥራ ልትለምጂ ነው። ሰው እንዴት እንደሚሠራ እያየሽ ሥሪ።»

ደሜ ፈላ። «ቁጥሩን ካላመናችሁ አሁኑኑ አብረን እንቁጠረው! አንድ ደቂቃ እኮ ነው!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሲስተሯ «አንተ አስታማሚ ነህ ወይስ ሐኪም?» አለችና ጥበቃ ጠርታ አስወጣችኝ። ከአሠልጣኙ ጋር የመጡት ስድስቱ ተማሪዎች በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። በዚያ ጠዋት ምን እንደተማሩ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩ ከሌላ ክፍል ሲወጣ አገኘሁት። ወጣት ነው፤ ድካም ፊቱ ላይ ይታያል። ሊያልፈኝ ሲል ፊቱ ቆምሁበት። «ዶክተር፣ አጎቴ የሚልዎትን አይስሙት፤ ወረቀቱንም አይዩት። ደረቱን ብቻ ይዩልኝ» አልሁት። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ብቻ ተመለሰ። ጋቢውን ገለጠ። ሰዓቱን አየ።

ከዚያ በኋላ ሩጫ ሆነ። ኦክስጅን አደረጉለት፣ ራጅ ተነሳ። በሳንባውና በጎድኑ መካከል መግል ተጠራቅሟል ተባለ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በጎኑ ቱቦ አስገብተው አወጡለት። ዶክተሩ ማሰሮ የሚሞላ ነው አለኝ። «እስከ ነገ ቢቆይ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

አያ ፈንቴ ዳነ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምስጋና ጽፌ እተወው ነበር።

ስመኝን ግን ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ አላየናትም። ጓደኞቿን ስጠይቅ ከልምምዱ ተሰናብታለች አሉኝ። መዝገቧ ላይ «ትእዛዝ አትቀበልም» ተብሎ ተጽፎባት፣ ልምምዱን ከመጀመሪያው እንድትደግም ተወስኗል። ቻርቱን ሄጄ አየሁት። ወረቀቱ በአዲስ ተገልብጧል። እሷ ሠላሳ ስምንት በጻፈችበት ሰዓት ላይ ሃያ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የእሷ አይደለም።

አያ ፈንቴ ከሆስፒታል በወጣ ዕለት፣ መናኸሪያ ከመሄዳችን በፊት የልጅቷ ኮሌጅ ውሰደኝ አለኝ። ያ አሠልጣኝ ቢሮው ተቀበለን። ወንበር ስቦለት፣ «አባታችን፣ አሁንስ ደኅና ሆኑ?» አለው።

«ደኅና አይደለሁም» አለ አያ ፈንቴ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «ያች ልጅ ባትኖር አገሬ የሚገባው ሬሳዬ ነበር። እናንተ ደግሞ ክፉ ጻፋችሁባት። እኔ መሃይም ነኝ፣ ሸጋ ነኝ እላለሁ። እናንተ ምነው አመናችሁኝ? ተምረናል አላላችሁም?»

አሠልጣኙ እስኪርቢቶውን አገላበጠ። «የአሠራር ጉዳይ ነው አባታችን። ከእኔ አቅም በላይ ነው።»

የምን አሠራር እንደሆነ ጠየቅሁት። «አሠራር ነው» አለኝ ደግሞ። አያ ፈንቴ የተሳበለት ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ወጣን።

ጥር ላይ ስመኝ እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት የትምህርት ማስረጃዋን ኮፒ ልታደርግ መጣች። ጨርሳለች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት፤ አያ ፈንቴ እንደሚያነሳት ነገርኋት። ደስ አላት። ከዚያ ሁለተኛው ልምምድ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት።

«ፈረሙልኝ» አለች።

«ትንፋሹንስ?»

ማሽኑን እያየች፣ «እቆጥራለሁ። መቁጠሩን አልተውሁም። የምጽፈው ግን ሃያ ነው» አለች።

«ሠላሳ ስምንት ሲሆንስ?»

«ለዶክተሩ በቃል እነግረዋለሁ።» ሒሳቧን እየከፈለች፣ «ሳገኘው» አለች።

ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች። እሷን አልተቆጣሁም፤ በየትኛው አፌ እቆጣታለሁ? ያንን ፋይል ከኮምፒውተራችን አጥፍቼዋለሁ፤ ተማሪዎቹ አሁን ጎረቤት ሱቅ ሄደው ያሳትማሉ። የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንዲት ልጅ መቁጠር ተምራ መጣች፤ የተማረችውን መደበቅ አስተምረው፣ ብቁ ናት ብለው ፈረሙላት። ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ታማሚ ዘመድ አልጋ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ሰውየው ሸጋ ነኝ ቢላችሁም፣ ወረቀቱ ሃያ ቢላችሁም፣ እጁን ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እዩለት።