የሟቹ ሞተር
ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላባትን ትንሽ ሞተር ሳይክል የገዛሁት ጎረቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። እሱ ቆሰበር ከተማ ዳርቻ ያለውን ጭቃማ ዳገት ድንች ጭኖ ስለሚወጣባት፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ ትልቁን አስገጥሞላት ነበር። ጉልበት አላት፤ ግን ቀስ ብላ እየሄደች በቀጭን ድምፅ ትጮኻለች።

በዳገቱ ባለፍኩ ቁጥር እናቱ በር ከፍተው ብቅ ይላሉ። እኔ መሆኔን ሲያዩ መልሰው ይዘጋሉ።

ሦስት ወር ቻልኩት። ከዚያ ዳንግላ ሄጄ ትንሹን ጥርስ አስገጠምኩ። መካኒኩን አስፋልት ላይ እንድትፈጥንልኝ ነው አልኩት። ውሸቴን ነበር። ድምጿ ጎረነነ፤ በሩም ሳይከፈት አለፍኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

በሳምንቱ እናቱ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደጄ ድረስ መጡ።

«መሞቱንማ መቼ አጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ። «ድምፁን ለምን ወሰድክብኝ?»

በማግስቱ ትልቁን ጥርስ አስመለስኩ። አሁን ዳገቱ ስር ስደርስ ፊቴን በሻርፕ እሸፍናለሁ። በሩም ቶሎ አይዘጋም።