ለሱብሂ የሚሞቅ ውሃ

እኔ ያየሁትን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ «መርማሪዋ» ይሉኛል። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ብቻ አይደለም፤ ሻይ ቤት ገብቼ እንኳ የጠረጴዛው እግር ለምን እንደሚወላገድ ጎንበስ ብዬ ካላየሁ ሻዩ አይጥመኝም። ስለዚህ ወንድሜ «ለአባ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እናስገባ» ባለ ቀን እሱ ያሰበው ዕቃውን ገዝቶ ማስገጠም ነበር፤ እኔ ግን ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የት የት እንደምትውል ማወቅ አማረኝ።

ቤታችን ጎንደር፣ አራዳ ነው። መሬቱ ስለጠበበ ወደ ላይ የወጣ ቤት ነው። ምድር ቤቱ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ የሸጡበት ሱቅ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ወንድሜ ነው። ከሱቁ ኋላ የአባቴ መኝታና ጓሮ አለ። ከላይ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ ከእሱም በላይ እኔ። አባቴ ደረጃ መውጣት ከተዉ ቆይተዋል። ለሶላት ውዱዕ የሚያደርጉት፣ ማለትም እጃቸውን፣ ፊታቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡት፣ ጓሮ ባለችው ትንሽ የቆርቆሮ መታጠቢያ ቤት ነው።

ጭንቃችን የእጃቸው ነገር ነበር። ጣቶቻቸው ብርድ ሲነካቸው አብጠው ይታጠፋሉ። የጎንደር የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ለሱብሂ ሶላት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በቀዝቃዛ ውሃ ከታጠቡ፣ ጣቶቻቸው እንደ ማጭድ ጎብጠው እስከ ረፋድ አይዘረጉም። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ መንካት ካላቆሙ አንድ ቀን እንደታጠፉ ይቀራሉ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ቀድማቸው ተነስታ ውሃ ታሞቅላቸው ነበር። ከእሷ ወዲህ ግን ማንም እንዲያሞቅላቸው አልፈቀዱም፤ የተኛ ሰው በእሳቸው ምክንያት መነሳቱን አይወዱትም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ሞክረን ነበር፤ መብራቱ ግን የሚጠፋበትን ሰዓት ከእሳቸው ጋር የተማከረ ይመስል ልክ ሲነሱ ድርግም ይላል። መስጊድ የሚያገኟቸው እኩዮቻቸው፣ ውሃ ለሚጎዳው ሰው በንጹሕ አፈር ተየሙም ማድረግ እንደተፈቀደ አስታወሷቸው። አባቴ «ውሃ እያለ?» አሉና ነገሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ የቀረን ፀሐይ ብቻ ነበር።

የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ሶሌታው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እንጨቱን በአሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ አቆምሁትና ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ጎረቤታችን ልብስ ልታሰጣ ጣሪያዋ ላይ ወጥታ አየችኝ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ፀሐይ» አልኋት።

«ፀሐይማ እኛ ጋ ናት፤ ምሳ በልታ ትመጣልሽ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጠመኔዬን ግን አልጣልሁም።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ወደቀ። ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አጋድላለች ማለት ነው። ማሞቂያውም ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል ማለት ነው። ግን ትክክለኛው ደቡብ የት ነው? የስልኬ ኮምፓስ ከኮንክሪቱ ብረት የተነሳ ይሁን ከሌላ፣ አንዴ ወደ ሰሜን ወደ ትክል ድንጋይ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ወደ አዘዞ እያየ አዞረኝ። ተናድጄ ወረድሁና ለአባቴ ነገርኋቸው።

«እሱ ነው ያስቸገረሽ?» አሉኝ። «መስገጃዬ ወዴት ዞሮ እንደሚነጠፍ ታውቂያለሽ። ጀርባሽን ስጪውና ቁሚ። ፊት ለፊትሽ ደቡብ ነው።»

እውነታቸውን ነው። መካ ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ነው ያለችው። ቂብላን፣ ለሶላት የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ የሚያውቅ ቤት ደቡብን አያጣም። በኋላ ከጥላዬ ጋር ሳመሳክረው መስመሩ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምዕራብ አጋደለ፤ ለማሞቂያ ግን ይህ ምንም አይደለም። ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ «አባ፣ እንግዲህ ማሞቂያው ዕድሜውን ሙሉ ለቂብላ ጀርባውን ሊሰጥ ነው» አላቸው።

«እሱ ሶላት የለበትም» አሉት።

ያን ቀን ከአባቴ ጋር ስለ ፀሐይ ብዙ አወራን። እኔ የማስበው ክረምቱን ነበር፤ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ስታልፍ ምን ይሆናል? እሳቸው ይህን ከሱቃቸው በር ያውቁታል። በሩ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ከሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ ፀሐይ በሩን ስለማትደፍረው ቀዩንም ሰማያዊውንም ጨርቅ ፊት ለፊት ይሰቅሉት ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ግን ቀለም እንዳይለቅ ወደ ውስጥ ያስገቡና ነጩን ብቻ ያወጣሉ። እኔ በዚያ ሱቅ ውስጥ ስድህ ያደግሁ ልጅ፣ የጨርቆቹ መለዋወጥ ለዓይን ማማለያ ይመስለኝ ነበር። ለካ የፀሐይን መንገድ ተከትለው ኖሯል። ይህን በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለማስረዳት ይከብደኛል፤ ለሳምንት ያህል ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ሳወራ ሰነበትሁ፤ ማንም ግን እንደኔ አልተገረመም።

ገጣሚው ባለሙያ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ብታልፍም ከአናት ስለማትርቅ፣ ማሞቂያው ወደ ደቡብ በትንሹ ብቻ ዘንበል ብሎ እንዲቀመጥ ተስማማን። ቦታውም አላከራከረንም። ከሶሌታው ሁሉ ከፍ ያለችው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ የማይነካት ጥግ ተመረጠች። ወንድሜ፣ ባለሙያውና እኔ አንጋጠን ቆመን ስናያት ሌላ ቦታ ማሰብ ራሱ ሞኝነት ይመስል ነበር። የመስታወት ቱቦዎቹ ተደረደሩ፣ በርሜሉ ከላያቸው ተቀመጠ፣ ቧንቧው በእኔና በወንድሜ ቤት አልፎ እስከ ጓሮው መታጠቢያ ወረደ።

ውሃው ፈላ ማለት ይቻላል። እኔ ከሥራ ስመለስ ገላዬን ስታጠብ ወንድሜ ከታች «ጨረስሽው!» እያለ ይጮህብኛል። አባቴን በነጋታው ጠየቅኋቸው።

«ሸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። እጃችሁ ይባረክ» አሉ። በየጊዜው ስጠይቃቸውም መልሳቸው ይኸው ነበር።

ነገር ግን ቁርስ ላይ ስመለከታቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አያወጡም። አንድ ቀን ዳቦውን ሲያነሱ ጣቶቻቸው እንደድሮው ጎብጠው አየኋቸው። በሽታው ሥር ሰዷል፣ ሙቅ ውሃም አልመለሰውም ብዬ ደነገጥሁ። ወደ ሐኪሙ ከመውሰዴ በፊት ግን ውሃውን መመርመር ፈለግሁ። ቴርሞሜትር ይዤ ከአዛን በፊት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ሳይበርድ ያደረ ነበር። ወርጄ የራሴን ቧንቧ ከፈትሁ፤ ትኩስ። ታዲያ እጃቸው ለምን?

በማግስቱ ቀድሜያቸው ወርጄ ጓሮው በር ላይ ቆምሁ። አባቴ መጡ፣ ማንቆርቆሪያቸውን ከቧንቧው ሥር አስቀመጡ፣ ውሃውን በክር ያህል ከፈቱት። ማንቆርቆሪያው ሲሞላ ዘጉት። ከዚያ በቀስታ፣ ጠብታ ሳይባክን፣ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። ገባ ብዬ የቀረውን ውሃ ነካሁት። አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ!

ያኔ ገባኝ። እኛ ላይ ቤት ያለን ሰዎች ቧንቧ ከፍተን፣ እስኪሞቅ አፍስሰን ነው የምንታጠበው። ከጣሪያው እስከ ጓሮው በሚወርደው ቧንቧ ውስጥ ግን ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ ውሃ አለ፤ ትኩሱ የሚመጣው እሱ ካለቀ በኋላ ነው። የአባቴ ውዱዕ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። ትኩሱ ውሃ ገና ወንድሜ ቤት ሳይደርስ እሳቸው ጨርሰው ወደ መስጊድ ሄደዋል።

«አባ፣ ምነው እስኪሞቅ ቢያፈሱት?» አልኋቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ያን ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ላፍስሰው? ለውዱዕ? ወንዝ ዳር ብቀመጥ እንኳ አላደርገውም። እንኳንስ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ።»

«ታዲያ ለምን ሸጋ ነው አሉኝ?»

«እናንተ ደክማችሁበታል። ላይ ትኩስ ነው ትሉ የለ? ላይ ትኩስ መሆኑን አምኛለሁ።»

ልስቅም ላለቅስም አማረኝ፤ ከሁለቱም ግን ንዴቱ በለጠ። ለሐኪሙ ቃል ሳይሆን ለእኛ ደስታ ሲሉ ጣታቸውን በበረዶ ውሃ ያሰቃዩት ነበር። በማግስቱ ቀዝቃዛው የሚጠራቀምበት ባልዲ አስቀመጥሁላቸው፤ እሱ ለልብስ ይሆናል፣ አይባክንም ብዬ አስረዳሁ። እሺ አሉ። ማለዳ ወርጄ ባየሁ ጊዜ ከባልዲው ቀድተው ሲታጠቡ አገኘኋቸው። «የተቀዳ ውሃ ተቀምጦ እያለ ሌላ እንዴት እቀዳለሁ?» አሉኝ። ይህን ሰው በክርክር እንደማላሸንፈው ያኔ አወቅሁ።

ለካ እኛ ስንለካ የከረምነው ከፀሐይ እስከ ማሞቂያው ያለውን ብቻ ነው። ከማሞቂያው እስከ አባቴ እጅ ያለውን ማንም አልለካውም። ስለዚህ ጠመኔዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወረድሁ፤ አሁን የማየው የመታጠቢያ ቤቷን የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ዝቅ ያለች ናት፤ በምዕራብ በኩል የጎረቤት ግንብ አለባት። ጥላው የሚደርስባትን ቦታ ቆርቆሮው ላይ እያሰመርሁ አንድ ሙሉ እሑድ ዋልሁ። ጠዋት ፀሐይ ቶሎ ታገኛታለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግንቡ ይከልላታል። ላይኛው ጣሪያ ከሚያገኘው ያነሰ ነው፤ ለአንድ ሰው ውዱዕ ግን ይተርፋል። ከሁሉ በላይ ከበርሜሉ እስከ ቧንቧው አፍ ያለው ርቀት ከክንድ ብዙም አይበልጥም።

ወንድሜ ሲሰማ «ሰው ከፀሐይ ወደ ጥላ ማሞቂያ ያወርዳል?» አለኝ። ቧንቧው ውስጥ ስለሚያድረው ውሃ ነገርሁት። ከዚያ ስለ አባቴ ባልዲ ነገርሁት፤ ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስም ዓይኑን ጠረገ። «በቃ ይውረድ፤ እኛ እንደ ድሮው በድስት እናሙቅ» አለ። ባለሙያው መጥቶ ጣሪያዋን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ማሞቂያ ወደ ላይ ሲወጣ እንጂ ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት ዛሬ ነው» አለኝ። ቢሆንም የጣሪያዋን ማገር አጠናክሮ ገጠመው። ከጎኑ የቀዝቃዛ ቧንቧ ላስገባላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀዝቃዛ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት እንዲጠፋ ስለፈለግሁ አያስፈልግም አልሁት።

ቀኑ ደመና ያልነካው የጥር ቀን ነበር። በማግስቱ ማለዳ አዛኑ እንዳለቀ ከታች ጩኸት ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ነው። ወድቀው መሰለኝ፤ ደረጃውን በባዶ እግሬ እንዴት እንደወረድሁት አላውቅም። ወንድሜ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። አባቴ እንፋሎት በሞላት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆመው እጃቸውን ያራግፋሉ።

«ልትልጪኝ ነው እንዴ?» አሉኝ ገና ሲያዩኝ። «ይኼ ለዶሮ መንቀያ እንጂ ለሰው ይሆናል? በዚህ እጅ ይታጠቧል? አንቺ ነሽ አይደል፣ ቀዝቃዛው ይቅር ያልሽው!»

እጃቸውን ለማየት ተጠጋሁ። ቀላ ከማለት በቀር አልተጎዳም። አባቴ ቁጣቸው ስላልበረደ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው ነበር የሚናገሩት። ያ ጣት ቀጥ ብሏል። ያን ጊዜ፣ ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ግንባሬ ያመለክታል። ወንድሜም አየው፤ እጄን ያዘኝ። አባቴ ምን እንዳስለቀሰን ስላልገባቸው ሲቆጡን ቆዩና «ሶላቱ ሊያመልጠኝ ነው» ብለው ወጡ። እኔም የቀዝቃዛ ቧንቧ እንዲገጥም ባለሙያውን ልጠራ ወደ ስልኬ ወጣሁ።