«ቬት» እና ቤት

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልጄ ሕይወት የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ጉልበቴ ላይ ዘርግታ ሥዕል ታሳየኝ ጀመር። ለማዳ እንስሳትን የሚረዱ ሰዎች ናቸው አለችኝ። አንዷ ሴት የውሻ ጠጉር ትከረክማለች፤ አንዱ ሰው የሌላ ሰው ውሻ በገመድ ይዞ ያንሸራሽራል። «እማዬ፣ ሥራው እኮ ይኼ ብቻ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀጥላ ጣቷን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ላይ አሳረፈችና «ቤት» አለች።

ሳቄ እዚያው ቀረ። ደጅ ላይ፣ ከጎረቤት ያመጣችው ቡችላ ካርቶኑ ውስጥ ይነጫነጫል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ያደግኩትም ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ጉና ሥር ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ እኛ ልጆች የገብስ እሸት እያሸን ወደ ትምህርት ቤት እንወርዳለን። ያን ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጠረጴዛ ሣለ፤ ጠረጴዛው ላይ ውሻ፣ ከውሻው አጠገብ ሰው። ውሻ ሲታመም ወዴት እንደሚወሰድ በእንግሊዝኛ አነበበልንና አስደገመን። «ቱ ዘ ቬት» ነው ያለው። እኛ ግን የምናውቀውን ቃል ሰማን። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣

«ስሚ፣ ፈረንጅም ቤትን ቤት ነው የሚለው!» አለችኝ።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። መምህሩ ሊያስረዳን አፉን ሲከፍት ደወል ተደወለ።

መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቅ እሱ ነበር። በዚያ ሰሞን ከአጥር ሥር ተጋድሞ፣ ጭብጦ ስጥልለት አሽትቶ ይተወዋል፤ ለሃጩም ይዝረበረባል። በእኛ አገር ውሻ የቤት ደፍ አያልፍም። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ያንን ደፍ የደፈርኩበት ልብ ነው፤ መምህር ያለው ነገር ለኔ እንደ ቄስ ቃል ነበር። ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ አንገቱን አቅፌ እየጎተትኩ አስገባሁት። መደቡ ላይ ላወጣው ስታገል እጄን ነከሰኝ።

እናቴ ከወንዝ እንስራዋን አዝላ ስትመለስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ውሻ ምን ሊሠራ ቤት ገባ?»

«እንግሊዝኛው ነው ያለኝ» አልኳት፣ እያለቀስኩ።

ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ዱላ ይዘው መጡ። መቻል ከዚያ በኋላ አልኖረም። አባቴም በበቅሎ አፈናጦኝ ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ሐኪሙ ቁስሌን በሳሙና ደጋግሞ አጠበና፣

«ውሻውስ?» አለ።

«ገደልነው» አለ አባቴ፣ ደግ እንደሠራ ሰው።

«አስራችሁ ብትጠብቁት ማበድ አለማበዱን እናውቅ ነበር። እንግዲህ የምንጠብቀው ልጅቷን ነው።»

እዚያው ከተማ፣ አክስቴ ቤት፣ ከእናቴ ጋር ተቀምጬ የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ሆዴን ዙሪያውን ተወጋሁ። ከመርፌው ይበልጥ የሚያመኝ ግን የእናቴ ዓይን ነበር። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውኃ ይፈራል ሲባል ሰምታለች። ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ ጣሳ ይዛ አጠገቤ ናት። «ጠጪ እስቲ፣ ልጄ።» ሳይጠማኝ እጠጣለሁ። እሷ ጉሮሮዬን ታያለች። እኔም እሷን አይቼ ውኃውን እመረምረው ጀመር፤ ዛሬ ፈራሁት ይሆን? እያልኩ። አንድ ቀን ትን አለኝ። እናቴ ራሷን ይዛ ጮኸች። አክስቴ ሮጣ መጥታ ጀርባዬን እየመታች፣

«ተይ እንጂ እታለም! ትን ያለው ሁሉ ካበደ በዚህ ከተማ ጤነኛ ሰው ሊቀር ነው?» አለቻት። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች።

ዳንኩ፤ ወይም ድሮውንም አልታመምኩም። የትኛው እንደሆነ ያወቀ የለም። መቻል ያበደ ይሁን ዝም ብሎ የታመመ፣ ምስጢሩ ከሱ ጋር ተቀበረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ መምህሩ ቤታችን መጣ። ቃሉ የእንስሳት ሐኪም ማለት እንደሆነ ነገረን፤ የታች ከንፈሩን በላይ ጥርሱ ነከስ አድርጎ እንዴት እንደሚባልም አሳየኝ። አባቴ በርኖስ አንጥፎ አስቀምጦት በትዕግሥት ሰማው።

«መምህር፣ እርስዎ አላጠፉም» አለው በመጨረሻ። «ግን አንዲቱ ቃል ይህን ካደረገች፣ ሌላዋ ምን ልታደርግ ነው?»

ደብተሬን ከዚያ ወዲያ አልያዝኩትም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ልጅ ወልጄ ሳሳድግ ፍርሃቱን ወረስኩት፤ ልጆቼ መንገድ ሲሻገሩ፣ ሲያስሉ፣ ሲዘገዩ እፈራለሁ። ትናንትም አንድ ሐሳብ «መጽሐፉን ዘግተሽ ቡችላውን መልሺ» በያት አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከንፈርሽን በጥርስሽ ነከስ አድርጊና በይው» አልኳት በምትኩ።

«ቬት» አለች። ጥርሷ ወላቃ ስለሆነ አየሩ ሾልኮ አሳቃት።

«በአማርኛስ?»

«የእንስሳት ሐኪም።»

«ሁለቱንም ያዢያቸው። ነገ ቡችላውን ለክትባት ስንወስደው አንቺ ነሽ የምታናግሪው።»

ከዚያ በቆርቆሮ ውኃ ቀዳሁና ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩለት። «ጠጣ እስቲ» አልኩት። ሕይወት አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ፊቴን አየችኝ።

«እማዬ፣ ምን ታያለሽ?»

«ሲጠጣ» አልኳት፤ ቆርቆሮውን ልሶ እስኪያደርቀውም ከዚያ አልተነሳሁም።