«አይደመደምም!»

ሸድሊያ በቱኒዚያ፣ በስፋክስ ከተማ የሙሽራ ልብስ ስትሰፋ ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ባሏ ሙንጂ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሞተር ጩኸት በላይ ማውራት ስለለመደ ቤቱም ውስጥ የሚረታው በድምፁ ነበር። ሸድሊያ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ስልኳ ላይ የሎጂክ ትምህርት የጀመረችው አንድ ቀን እንኳ ሳትጮህ ልትረታው ፈልጋ ነው። እየሰፋች ታዳምጣለች፤ ወረቀት ካጣች ጨርቁ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። አንዲት ሙሽራማ ቀሚሷ ገበር ላይ «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚል ጽሑፍ አግኝታ፣ አስማት ተደረገብኝ ብላ አልቅሳለች።

ትምህርቱን በጀመረች በአራተኛው ሳምንት ወደ እህቷ ልጅ ሠርግ፣ ወደ ማህዲያ ከተማ ሲሄዱ፣ ታክሲው ከከተማው ሊወጣ ሲል ሸድሊያ «በሩን ቆልፈሃል?» አለችው።

ሙንጂ ኪሱን ዳበሰ። «ከቆለፍኩ ቁልፉ ኪሴ ይሆናል። ይኸው ኪሴ ነው። ስለዚህ ቆልፌያለሁ፤ በቃ!»

ይህን የሎጂክ ስህተት ባለፈው ማክሰኞ ነበር የተማረችው። «አይደመደምም!» ብላ ጮኸች። «ሳትቆልፍም ኪስህ ልትከተው ትችላለህ። ከዘነበ መንገዱ ይረጥባል፤ መንገዱ ስለረጠበ ግን ዘንቧል አይባልም!»

«እውነቷን ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ዛሬ ደግሞ የምን ዝናብ ነው?» አለ ሌላው።

ታክሲው በአንድ እግሩ ቆመ። ሹፌሩ ዳር ይዞ «ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ውረዱ!» አለ። ሸድሊያ፣ ሦስተኛ አማራጭ እንደማይጠፋ ልታስረዳው አፏን ስትከፍት፣ ሙንጂ እጇን ይዞ አወረዳት።

ቤታቸው ሲመለሱ በሩ ጥርቅም ብሎ ተቆልፏል። ሙንጂ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«በይ እንግዲህ፣ ሊቋ!»

«ክፍት ነው መች አልኩ? አይደመደምም ነው ያልኩት!»

ሠርጉ ላይ ሲደርሱ የድግሱ ምግብ፣ ኩስኩሱ፣ አልቋል። ሙንጂ በየጠረጴዛው እየዞረ ታሪኩን አወራ፤ ሁሉም ሳቀ። ሸድሊያን የቆጫት ግን ሳቁ ሳይሆን አንድ ሰው እንኳ «ልክ ነሽ» አለማለቱ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ሙንጂ አፏን ሊያስይዛት ብሎ ተደብቆ እዚያው ትምህርት ላይ ተመዘገበ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወደቀ። ጥያቄው ነው የተሳሳተው ብሎ ለመምህሩ ረጅም አቤቱታ ጻፈ። «እባክዎ እንደገና ያንብቡት» የሚል መልስ መጣለት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ስፌት መኪናዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ያን ቀን... ልክ ነበርሽ።»

«ምን አልክ? አልሰማሁም።»

«ሰምተሻል!»

ከሳምንት በኋላ ጎረቤታቸው ህኒያ በር አንኳኳች። «ደህና ናችሁ? ሦስት ቀን ሙሉ ጩኸት ስላልሰማሁ ተኳርፈው ይሆን ብዬ ሰጋሁ።»

«ኧረ ሦስቱንም ቀን ክርክር ላይ ነን» አለች ሸድሊያ። «አሁን ደግሞ ላስብበት፣ እስከ ከሰዓት ጊዜ ስጪኝ ብሎኝ ነው።»