የልብስ ሰፊዋ አረንጓዴ ግድግዳ

ስለ እትዬ መጻፍ ያለብኝ እኔ አይደለሁም። በደንብ አላውቃቸውም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተጎራብተን ስንኖር በቅርብ የማውቀው የስፌት መኪናቸውን ድምፅ ነው። ሱሪዬንም ሦስት ጊዜ አሳጥረውልኛል።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የእትዬ ታላቅ ወንድም ሳያማክሯቸው ቆረጡ፤ ቤቱ ይከራያል፣ እትዬም እሳቸው ዘንድ ይገባሉ። ቤቱ በእትዬ ስም ነው፤ ይህን ግን ማንም ያነሳው የለም። «ክሬም ይቀባ፤ ክሬም ተከራይ አያስበረግግም» ብለው ቀቢ ላኩ።

እትዬ ቀቢውን አስከትለው ቀለም መሸጫ ሄዱ፤ በቦርሳቸው ለግድግዳው ናሙና የሚሆን አንድ ጥቅል አረንጓዴ ክር ይዘዋል። ልብስ ሰፊ ክር ሲመርጥ ከጨርቁ ጠቆር ያለውን ይወስዳል፤ ክር ከጥቅሉ ወጥቶ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ፈዘዝ ይላልና። እትዬም በዚሁ ልማድ ከክሩ ጠቆር ያለ ቀለም አስበጠበጡ። ቀለም ግን ሲደርቅ ይብስ ይጠቁራል። ቀቢው ሊነግራቸው ቢሞክር «አርባ ዓመት ቀለም ከቀለም ሳመሳስል የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉት። ቀለሙን ተሸክሞ ተከተላቸው።

በማግስቱ የሳሎኑ ግድግዳ ጥቁር አረንጓዴ የቢራ ጠርሙስ መስሎ ተገኘ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ወንድምዬው ከኋላዬ ደረሱና ገፋ አድርገውኝ ገቡ።

«ይሄ ቤት ነው ጉድጓድ? ማን ይገባበታል?»

«እኔ አለሁበት፣ ጋሼ።»

«ተሳስተሻል እኮ!»

«አዎ፣ ተሳስቻለሁ። ሲደርቅ እንዲህ እንደሚሆን አላወቅኩም።»

ቀቢው አዘነላቸው። «እትዬ፣ ነጭ ጨምሬ ፈካ ላድርገው?»

«የምን ነጭ! ክሬሙን ደርብበት!» አሉ ወንድምዬው።

እትዬ የአረንጓዴውን ቀለም ባልዲ አንስተው ከሁለቱ መሃል ዘጭ አደረጉት።

«ሃያ ስምንት ዓመት ባለቤቴ ነጭ አለ፣ ነጭ ሆነ። አሁን ደግሞ እርስዎ ክሬም ይላሉ። አንድ ግድግዳ እንኳ እኔው ላበላሽ እንጂ! ከዚህ ቤት አልወጣም። ልጄ፣ በዚሁ አረንጓዴ ሁለተኛውን እጅ ድገምበት።»

«ተከራዩስ?»

«ተከራይ የለም፣ ጋሼ። ይልቅ ቁጭ ይበሉ፤ የኮትዎ ቁልፍ ሊወልቅ ነው፣ ላጥብቅልዎ።»

ወንድምዬው አልተቀመጡም። ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ወጡ። ቀቢው ብሩሹን ነከረ።

ባለፈው ሳምንት ኮት ላሰፋ ሄድኩ። ሳሎኑ በቀትር ጨለም ብሏል፤ እትዬ የስፌት መኪናቸውን ለብርሃን መስኮቱ ሥር አስጠግተውታል። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ቀለሙን ወደዱት?»

ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘረጉ።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አሉኝ።