ከቀለሙ ሥር የወጣው ዶሮ

ልጄ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛችውን ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ድምፁ ሰቀጠጠኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ኮሶዬ በሚባል አገር ሳለን፣ እናቴም ቤቱን ላድምቅ ብላ አሮጌ ሣጥን ገዝታ ስትፍቅ ከቀለሙ ሥር ቀይ ዶሮ ብቅ አለ። ሽፍቶች ገድለው ሣጥኑን የዘረፉት አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ የሳለው ነበር።

«ቀለሙን አቀብይኝ! አባትሽ ይህን ካየ ሰው ያልቃል» አለችኝ። በዶሮ ሥዕል ሰው እንዴት እንደሚያልቅ አልገባኝም።

ሰማያዊ ቀለም ደፋችበት። አባቴ ገብቶ ሲደገፈው እርጥቡ ቀለም በመዳፉ ተጠረገ፤ የወንድሙ ዶሮ ወጣ።

«ማን ሸጠልሽ?»

እናቴ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። በርግጫ ጥሏት ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ሻጩን ጠያይቆ አግኝቶ ገበያ መሀል ገደለው። ሰውዬው ግን ሣጥኑን እንደኛው ገዝቶት ኖሯል። የሻጩ ወንድሞችም አባቴን ደጃችን ላይ ገደሉት።

የልጄን እጅ ያዝኩ።

«ምነው እማ?»

«አትፋቂው፤ እንዲሁ በላዩ ቀቢ።»