ሦስት ጭረት ያለባት መጥረቢያ

የነጭ ጋዝ ሽታ ከዝገት ጋር ሲቀላቀል ዛሬም ለይቼ አውቀዋለሁ። በቀደም ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንድ ጎረቤት የዛገ ቁልፍ ሲያጸዳ ሸተተኝና ቆሜ ቀረሁ፤ አቃቂ ወደነበረው የጭቃ ቤታችን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ክረምት መለሰኝ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ባቡሩም ገና አልቆመም፣ አባዬም ሐዲድ ጥገና ላይ ይሠራ ነበር። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ አልጋ ሥር ገብቼ ስበረብር በጆንያ የተጠቀለለች መጥረቢያ አገኘሁ፤ ዛቢያዋን ምስጥ በልቶታል፣ ብረቷ ላይ ከዝገቱ በላይ ጥቁር ሬንጅ ተለቅልቆበታል። አባዬን ደስ ላሰኘው ብዬ፣ ከኩራዙ ነጭ ጋዝ እየሰረቅሁ፣ በአሸዋና በጨርቅ እያሸሁ ሦስት ቀን ሙሉ ታገልኳት። ሬንጁ ሲለቅ ከብረቷ ጎን ሦስት አጫጭር ጭረቶችና ከሥራቸው አንዲት ክብ ብቅ አሉ።

አባዬ ከሥራ ሲገባ ሮጬ አሳየሁት። ይመርቀኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቁጭ ብሎ ጭረቶቹን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰና «የአባቴ እጅ ነው» አለ። አያቴ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ ያን ቀን ሰማሁ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። የገባኝ በኋላ ነው፤ የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ከእሱ ጋር የሚጋባ አልነበረም። ሬንጁን የቀባው ራሱ አባዬ ነበር። እማዬ «መልሰህ ቀባው፣ ሴት ልጅ አለችህ» ብላ ብትለምነው፣ «አባቴን ሁለት ጊዜ አልቀብርም» ብሎ እምቢ አለ።

መስከረም ሲጠባ የወይራ ዛቢያ አስገባላት፣ ስለቷንም በሞረድ ሞረዳት። እየሠራ ያፏጭ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ብርቄ በዚያ ዓመት ታጭታ ነበር። እጮኛዋ መኮንን ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስሙ በተነሳ ቁጥር ብርቄ ሻሿን እያስተካከለች ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የዕድሩ ሰዎች የድግሱን እንጨት ሊፈልጡልን ግቢያችን ተሰበሰቡ። በዚያው ቀን የመኮንን አጎት አቶ ተድላ ስለ ሚዜዎቹ ሊነጋገሩ መጡ፤ የአባዬ አገር ሰው ነበሩ። እማዬ ጠላ ቀዳችላቸው። ብርጭቋቸውን መደቡ ላይ አኑረው፣ «እስቲ እኔም ክንዴን ልሞክር» ብለው መጥረቢያዋን ተቀበሉና ወደ ላይ አነሷት። ከዚያ ሳይሰነዝሩ መልሰው አወረዷት፣ ብረቷንም ወደ ፀሐይ አዞሩት።

«ይህችን ከየት ገዛችኋት?» አሉ። «ይህን ምልክት ልጅ ሆኜ በማረሻችን ላይ አውቀዋለሁ።»

አባዬ «ከመርካቶ» ቢል ይበቃ ነበር፤ ግን አላለም። እኔ ደግሞ፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ያጸዳኋት እኔ ነኝ የሚለው ኩራት አላስቀምጥ አለኝና «አልተገዛችም፣ አያቴ ናቸው የሠሯት» አልኩ።

አቶ ተድላ መጥረቢያዋን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ጠላውን ሳይቀምሱ ሄዱ። እማዬ ብርጭቆውን እስኪመሽ አላነሳችውም። በሦስተኛው ቀን «ቤተሰብ አልተስማማም» የሚል ቃል ተላከብን፤ መኮንን ራሱ አልመጣም። ሰውየው በአያቴ ማረሻ ታርሶ የበቀለ እህል በልተው አድገው እኛን መናቃቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካም አለፈ፣ እኛ ግን እስከ ክረምት ድረስ በሰርጉ እንጨት ሽሮ እየሠራን በላን። ፍልጡን የምትማግደው ብርቄ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ወሬው ሰፈሩን ስላዳረሰው ሌላ ጠያቂ አልመጣላትም። አባዬም ዳግመኛ ሲያፏጭ አልሰማሁትም።

አሁን አባዬም እማዬም የሉም። እኔና ብርቄ ገላን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን፣ መጥረቢያዋም የምትፈልጠው ሳይኖር በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ጥር ከታች ያሉት ጎረቤቶች ልጃቸውን ሲድሩ አንድ ጎረምሳ መጥረቢያ ሊዋስ መጣ። ስሰጠው ጭረቶቹን አይቶ «ምንድን ናት እቺ ምልክት?» አለኝ።

«እንጃ፣ ከመርካቶ ነው የገዛናት» አልኩት። ያን ቀን ልላት ይገባኝ የነበረችው ውሸት ከሃያ ዓመት በኋላ ከአፌ ወጣች።

«ውሸቷን ነው» አለች ብርቄ ከተቀመጠችበት። «አያታችን ናቸው የሠሯት። ቀጥቃጭ ነበሩ።»

«አሪፍ ነው» ብሎ ልጁ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ያኔ የእህቴን ትዳር ያፈረሰችው ቃል ዛሬ አንድ ጎረምሳን በር ላይ እንኳ አላቆመችውም። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ብርቄ የተከፈተውን በር ብዙ ስታየው ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።